የነፍሰ ጡር መብት በጊዜው ስለ መስጠት

እርሻ የሚለማው በመሬቱ ስባትና በዝናቡ መስማማት ብቻ አይደለም። መሬቱን የሚቆፍረው፣ ችግኙን የሚተክለውና አዝመራውን የሚሰበስበው ሰው ጤና ያጣ እንደ ሆነ፣ ስቡ መሬት ጠፍ ሆኖ ይቀራል፤ መልካሙም ዘር ሳይበቅል ይበሰብሳል። ስለ ቡና በሽታ፣ ስለ እንሰት አጠውልግ፣ ስለ ከብት ክትባትና ስለ አፈር መከላት በየጊዜው ብዙ ይጻፋል፤ መጻፉም የተገባ ነው። ነገር ግን የእርሻውን ሥራ ከወንዱ እኩል፣ በብዙ ቦታም ከወንዱ አብልጣ የምትሠራው ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ እንዴት እንደምትያዝ የሚነገረው ጥቂት ነው። ይህ ነገር ለሐኪሞች ብቻ የተተወ ከመሰለ ስሕተት ነው። የነፍሰ ጡሯ ዕረፍትና ድጋፍ ከሚወሰንባቸው መዝገቦች አንዱ በግብርናው መሥሪያ ቤት እጅ ነውና፣ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት እንደ ራሳቸው ጉዳይ ሊመለከቱት ይገባል።

ነገሩን ለመረዳት ወደ አሪቻ መመልከት ይበቃል። አሪቻ በጌዴኦ ዞን በይርጋ ጨፌ ወረዳ የምትገኝ የቡና አገር ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ ዲላንና ወናጎን አልፎ ይርጋ ጨፌ ሲደርስ፣ ተጓዡ በግራና በቀኝ የሚያየው ትልቁ ዛፍ ለቡናው ጥላ፣ ቡናው ከእንሰቱ ጎን፣ እንሰቱም ለቤቱ ቀለብ ሆኖ በአንድ ማሳ ተደባልቆ የቆመበትን አገር ነው። ይህም የጌዴኦ የአተካከል ጥበብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወርድ የመጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የአሪቻም ቡና በስሟ እየተጠራ በውጭ አገር ገበያ ይታወቃል።

ይህን ሁሉ ያቆመው ግን የሰው ጉልበት ነው። ከጥቅምት ወር ጀምሮ ቀዩ እሸት ቡና ይለቀማል፤ ወደ ማጠቢያው ይወሰዳል፤ ከተፈለፈለና ከታጠበ በኋላ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ፣ የተሰበረውንና የተበላሸውን ፍሬ ከደኅናው የሚለዩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ከጧት እስከ ማታ በፀሐይ ቆመው፣ ወደ አልጋው ጎንበስ ብለው ፍሬ በፍሬ ይለቅማሉ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱም ሌላ ሥራ ይጠብቃቸዋል። እንሰቱን መፋቅ፣ ማሸት፣ በጉድጓድ መቅበርና አውጥቶ መጋገር የሴቶች ሥራ ነው። የምትፍቀው ሴት አንድ እግሯን አንሥታ የእንሰቱን አካል በእንጨቱ ላይ በተረከዟ ትይዘዋለች፤ በሁለት እጇም በመፋቂያው ወደ ታች ትጨምቀዋለች። ይህን ሥራ ጤነኛ ሴት ስትሠራው እንኳ ወገቧን ይቆርጠዋል፤ ለነፍሰ ጡር ምን ያህል እንደሚከብድ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ወራቱን መቍጠርም ይጠቅማል። በግንቦት ወር ያረገዘች ሴት የቡናው ለቀማ በጥቅምት ሲጀመር አምስት ወር አልፏታል፤ ሥራው በሚበረታበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሰባተኛና ስምንተኛ ወሯ ላይ ናት፤ በየካቲት ትወልዳለች። እንግዲህ ሰውነቷ ዕረፍት በሚሻበት ወር ገበያው ጉልበቷን ይሻል። ቤቱም የዓመቱን ብር የሚያገኘው በዚያው ወር ነውና፣ ሥራውን ተዪ ቢሏት ልትተው አትችልም። እርሷን ከሥራ የሚያሳርፋት ቃል ሳይሆን፣ ያጣችውን የሚተካላት ደንብ ነው።

ደንቡ የለም አይባልም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች የወሊድ ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የፈቃዱም ርዝመት የሥራውን ሁኔታ፣ የእናቲቱን ጤንነት፣ የሕፃኑንና የቤተሰቡን ደኅንነት በማየት በሕግ እንዲወሰን ያዝዛል፤ ከመውለዷ በፊት የሚሰጠውንም የእርግዝና ፈቃድ ይጨምራል። በዚህም መሠረት ቀድሞ በ377/1996 አዋጅ ከመውለድ በፊት 30 ቀን፣ ከወለዱ በኋላ 60 ቀን የነበረው ፈቃድ፣ በ1156/2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከመውለድ በፊት 30 ቀን፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ሆኗል። ይኸው አዋጅ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለምርመራ ስትሄድ ደመወዟ ሳይቈረጥ እንዲፈቀድላት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዳትሠራ፣ በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደችም በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ከሥራዋ እንዳትሰናበት ይከለክላል።

ሁለተኛው ደንብ የግብርናውን መሥሪያ ቤት በቀጥታ የሚመለከተው ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በታቀፉት ወረዳዎች ምግብ የሚጐድላቸው ቤተሰቦች በእርከን፣ በመንገድ፣ በውሃና በችግኝ ሥራ እየተሳተፉ ብር ወይም እህል የሚያገኙበት ሥርዓት ነው። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር የ5 ቀን ሥራ ይቈጠራል። በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የፕሮግራሙ 4ኛ ምዕራፍ ግን ነፍሰ ጡር ሴት እርግዝናዋ በጤና ሠራተኛ ከታወቀ በኋላ ከጉልበቱ ሥራ ወጥታ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ወደሚባለው ክፍል እንድትዛወር፣ ልጇም 12 ወር እስኪሞላው ድረስ በዚያው እንድትቆይ ደነገገ። በጉልበቷም ፈንታ የእርግዝና ክትትሏን እንድታደርግ፣ ስለ ምግብና ስለ ልጅ አያያዝ የሚሰጠውን ትምህርት እንድትሰማ፣ ሕፃኑንም እንድታስከትብ ይጠበቅባታል።

ሦስተኛው በጤና ጣቢያ የሚደረገው የእርግዝና ክትትልና የማዋለድ አገልግሎት ያለ ክፍያ መሆኑ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥርዓትም ለየቀበሌው የሴት ጤና ሠራተኞችን ስለ መደበ፣ የገጠሯ ሴት ስለ እርግዝናዋ የምትጠይቀው ሰው በመንደሯ አለ። ቤታቸው ከጤና ጣቢያ የራቀባቸው ሴቶች የመውለጃቸው ቀን ሲቃረብ የሚቀመጡበት የእናቶች ማቆያ ቤትም በብዙ ቦታ ተሠርቷል።

እንግዲህ ሕጉ ካለ፣ ድጋፉ ካለ፣ የጤና ሠራተኛዋም በመንደር ከተቀመጠች፣ ጉድለቱ ከወዴት ነው? ጉድለቱ በጊዜው ላይ ነው። ለነፍሰ ጡር የተወሰነው መብት ሁሉ ከሌላው መብት የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቀኑ ካለፈ የማይመለስ መሆኑ ነው። ለገበሬ የሚሰጠው ማዳበሪያ ቢዘገይ በሚቀጥለው ዘመን ሊካካስ ይችላል። ውዝፍ የቀረ ደመወዝም ከዓመት በኋላ ቢሆን ይከፈላል። ዘግይቶ የተከፈለ ብር ብር ነው፤ ዘግይቶ የተሰጠ ዕረፍት ግን ዕረፍት አይደለም። በሰባተኛ ወሯ ድንጋይ ተሸክማ እርከን ስትሠራ የከረመች ሴት፣ ከወለደች በኋላ «ስምሽ ወደ ቀጥታ ድጋፍ ተዛውሯል» ቢሏት ያለፈው ሸክም ከጀርባዋ አይወርድም። ባላገሩ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

መብቱ የሚዘገይበትም ምክንያት የታወቀ ነው። ድጋፉም ፈቃዱም በጤና ሠራተኛ ማረጋገጫ ላይ የተመሠረተ ነውና፣ ሴቲቱ ወደ ጤና ጣቢያ እስክትሄድ ድረስ መዝገቡ አያውቃትም። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ የመጀመሪያውን የእርግዝና ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ያደረጉት ሴቶች ከ100ው 20 ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገውም አነስተኛ ጥናት ቍጥሩ ከ100ው 28 ደረሰ። በእነዚያው ሦስት ዓመታት በጤና ተቋም የሚወልዱት ሴቶች ከ100ው 26 ወደ 48 ከፍ ብለዋል፤ ይህም ሴቶቹ ጤና ጣቢያን እንደማይጠሉ ያሳያል። ለመውለድ የሚመጡት እየበዙ ሳለ በጊዜ ለመመርመር የሚመጡት ግን ገና ጥቂት ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር አንዲት ነፍሰ ጡር በእርግዝናዋ ዘመን 8 ጊዜ ከጤና ሠራተኛ ጋር እንድትገናኝ፣ የመጀመሪያውም 12 ሳምንት ሳይሞላ እንዲሆን ማመልከቱ ሲታሰብ፣ የቀረው መንገድ ረጅም መሆኑ ይታወቃል።

ሴቲቱ የምትዘገየው በስንፍና አይደለም። በብዙ የኢትዮጵያ ገጠር ሴት እርግዝናዋን ሆዷ እስኪገፋ ድረስ ለሰው መንገር ታፍራለች፤ ወይም ክፉ ዓይን ትፈራለች፤ ወይም ጽንሱ ቢወርድ መሳለቂያ እሆናለሁ ብላ ታስባለች። ደግሞም በቀን ሥራ የምትኖር ሴት ማርገዟ የታወቀ ዕለት ሥራው ይቀርብኛል ብላ ትሰጋለች። መንግሥት የሰጣትን ለማግኘት «አርግዣለሁ» ማለት ይገባታል፤ የዕለት እንጀራዋን ላለማጣት ደግሞ ዝም ማለት ይገባታል። ከእነዚህ ከሁለቱ ዝምታው የሚቀላት ከሆነ፣ ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን «አርግዣለሁ» ማለትን ትርፍ የሌለው ያደረገው አሠራር ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ መስጠት ይቻላል። አንዲት ሴት በቡና ማጠቢያ ውስጥ በቀን ሂሳብ ፍሬ ትለቅማለች እንበል። ሕጉ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ የሰጠው ፈቃድ ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ብቻ ነው አላለም። ነገር ግን ሥራው ከሁለትና ከሦስት ወር የማያልፍ፣ ውሉም በቃል ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ ፈቃዱን ልትጠይቅ ስትሄድ «ሠራተኛዬ አይደለሽም» ወይም «ጊዜሽ አብቅቷል» ትባላለች። የምታሳየው የተጻፈ ውል የላትም፤ የምትከራከርበት ጊዜና ብርም የላትም። የጓሮዋን እንሰትና ቡና ብቻ ለምትሠራው ገበሬ ሴት ደግሞ ከነጭራሹ አሠሪ የላትምና አዋጁ አይደርሳትም። ለእርሷ ሊደርስ የሚችለው የሴፍቲኔቱ ድጋፍ ነው፤ እርሱም ፕሮግራሙ በሌለበት ወረዳ፣ በታቀፈውም ወረዳ ለድጋፍ ባልተመረጠ ቤት የለም። ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ «ሴቶች» ብሎ በጠቅላላ የሰጠው መብት ወደ መንደር ሲወርድ እየጠበበ ሄዶ ለጥቂቶቹ ብቻ ይደርሳል።

የአሠሪውም ነገር በፍርድ ሊታይ ይገባዋል። በኢትዮጵያ የወሊድ ፈቃድ ደመወዝ የሚከፈለው ከአሠሪው ኪስ ነው፤ ለጡረታ እንደሚደረገው ሠራተኛውና አሠሪው በየወሩ የሚያዋጡበት የእናቶች ገንዘብ የለም። ሃምሳ ሴቶች የሚያሠራ ሰው ከእነርሱ አምስቱ ቢያረግዙ ወጪው የሚወድቀው በእርሱ ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን በሕግ የታዘዘው ቸርነት በተግባር ሴትን ላለመቅጠር ምክንያት ይሆናል። አዋጁ ሴትን በሴትነቷ መለየትን ይከለክላል፤ ነገር ግን በአእምሮ የተደረገውን ሂሳብ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በመዝገብ ሊያገኘው አይችልም። ሸክሙ በብዙ ትከሻ ቢካፈል ግን ሂሳቡ ራሱ ይለወጣል።

ሌሎችም አገሮች በዚህ መንገድ አልፈዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 አባል የሆነችበት የዓለም የሥራ ድርጅት ገና በተመሠረተበት በ1919 ባወጣው 3ኛ ስምምነት ስለ ወላድ ሠራተኞች ደንግጎ፣ ገንዘቡ ከመንግሥት ወይም ከመድን እንዲከፈል አመለከተ፤ አሠሪው ብቻውን እንዲከፍል አላለም። በህንድ አገር ደግሞ ደመወዝ የሌላቸው የገጠር ሴቶች ብዙ ስለሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የምግብ ዋስትና ሕግ ነፍሰ ጡሮች ከ6,000 ሩፒ የማያንስ ድጋፍ እንዲያገኙ ደነገገ። በ2017 በተጀመረውም ሥርዓት ለመጀመሪያ ልጅ 5,000 ሩፒ በሦስት ጊዜ ተከፍሎ እንዲሰጥ ተደረገ፤ የመጀመሪያው ክፍያ እርግዝናዋን በጊዜ ላስመዘገበች፣ ሁለተኛው የእርግዝና ምርመራ ላደረገች፣ ሦስተኛው ልጁ ተመዝግቦ ሲከተብ ነው። ከዚህ ሊወሰድ የሚገባው ትምህርት የብሩ ልክ ሳይሆን የአከፋፈሉ ሥርዓት ነው። በጊዜ የተመዘገበች ሴት በጊዜ ካገኘች፣ ጎረቤቷ ይህን አይታ ትከተላለች፤ እርግዝናን መሰወርም ትርፉ ይቀራል።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሊናቁም አይገባም። አንዳንዱ፣ «ነፍሰ ጡር ድጋፍ ታገኛለች ከተባለ ሴቶች ለድጋፉ ሲሉ ልጅ ያበዛሉ፤ ጌዴኦ ደግሞ መሬቱ ጠቦ ሕዝቡ የተጨናነቀበት አገር ነው» ይላል። የመሬቱ ጥበት እውነት ነው። ነገር ግን በሴፍቲኔቱ ሥርዓት ነፍሰ ጡሯ የምታገኘው ቤተሰቧ ቀድሞ ያገኝ የነበረውን ያህል ነው፤ የተቀነሰላት የጉልበቱ ሥራ ብቻ ነው። ጥቂት ወራት እርከን ላለመሥራት ብላ ልጅን ያህል የዘመን ሸክም የምትሸከም ሴት የለችም። ይልቁንም በጊዜ ወደ ጤና ሠራተኛ የሄደች ሴት ስለ ወሊድ ማራራቅ ምክር የምታገኘው በዚያው ቦታ ነው።

ሌላው፣ «እናቶቻችን በማሳ ወልደው በማግሥቱ ሥራ ገብተዋል፤ የዛሬዎቹ ምን ሆኑ?» ይላል። በማሳ ወልደው የተነሡት ታሪካቸውን ለልጆቻቸው ነገሩ፤ ያልተነሡት ግን የሚናገሩበት አፍ የላቸውም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 412 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት እንደ ሞቱ ተገምቷል። ደም መፍሰስ፣ የደም ግፊትና ከወሊድ በኋላ የሚመጣ መመረዝ ዋነኞቹ ገዳዮች ናቸው፤ አብዛኛውም በጊዜ ቢታይ ሊድን የሚችል ነው።

ሦስተኛው፣ «ሴቲቱ ከሥራ ብትወጣ የቀበሌው የእርከን ዕቅድ ይጐድላል» የሚል ነው። ይህ ክርክር በአፍ ባይነገርም በሥራ ይታያል። ዕቅዱን የሞላ ሹም ይመሰገናል፤ ነፍሰ ጡርን በጊዜ ከሥራ ያወጣ ሹም ግን የሚያመሰግነው የለም። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ክፉ ሰው ሳይሆን እንኳ ስሟን ማዛወሩን ለሚቀጥለው ወር ሊያሳድረው ይችላል። ነገር ግን እርከኑ የሚሠራው አፈሩ ለልጅ ልጅ እንዲቆይ ነው፤ ለልጅ ልጅ በሚሠራ እርከን ላይ ልጅን መጉዳት ሥራውን ከምክንያቱ ጋር ማጣላት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንዳንዱ ነገር አዲስ ሕግና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ግን የሹም ትጋት ብቻ ይበቃዋል። ከትጋቱ መጀመር ይሻላል።

አንደኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የግብርና ልማት ሠራተኛው በየወሩ በአንድ ቀን ተገናኝተው መዝገባቸውን ያስተያዩ። ሁለቱ የሚሠሩት በአንድ ቀበሌ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቢሯቸው በአንድ ግቢ ይገኛል። የአንዷ መዝገብ ማን እንዳረገዘች ያውቃል፤ የሌላው መዝገብ ማን በጉልበት ሥራ ላይ እንዳለች ያውቃል። ሁለቱ መዝገቦች ካልተገናኙ ግን ወረቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታመላልሰው ነፍሰ ጡሯ ራሷ ትሆናለች። መዝገብ ወደ መዝገብ ይሂድ እንጂ ባለ ሆድ ሴት በደንብ ምክንያት ዳገት አትውጣ።

ሁለተኛ፣ ማረጋገጫው አንድና የማያዳግም ይሁን። ጤና ሠራተኛዋ አይታ የጻፈችውን ቀበሌው ደግሞ እንዲያጸድቀው፣ ወረዳውም እንደገና እንዲያየው ማድረግ ለጥንቃቄ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እርግዝና የሚጠብቀው ዘጠኝ ወር ብቻ ነው። ማኅተም እስኪሰበሰብ ድረስ ልጁ ከተወለደ፣ ጥንቃቄው ጅብ ከሄደ በኋላ እንደ ጮኸው ውሻ ነው። መዛወሩም የሚጸናው ወረቀቱ ወረዳ ከደረሰበት ቀን ሳይሆን ጤና ሠራተኛዋ ከፈረመችበት ቀን ጀምሮ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የቡና ለቀማው ዘመን ከመድረሱ በፊት፣ ማለት በነሐሴና በመስከረም፣ ስለ ነፍሰ ጡሮች መብት በቀበሌ ስብሰባ፣ በዕድርና በገበያ ቀን በጌዴኦኛ ይነገር። ንግግሩም ለሴቶች ብቻ አይሁን። የቤቱን ድጋፍ ብዙ ጊዜ የሚቀበለውና ማን ለሥራ እንደሚወጣ የሚወስነው ባል ነውና፣ ባል ሳይሰማ የተነገረ መብት በቤት ደጃፍ ይቀራል። ሚስት ለወለደችለት ሠራተኛ የ3 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር በ1156/2011 አዋጅ የተሰጠው፣ ልደት የሴት ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ ለማሳሰብ ጭምር ነው።

አራተኛ፣ የማጠቢያ ጣቢያዎች ሥራ ሲጀምሩ የቀን ሠራተኞቻቸውን ስም፣ ሥራ የጀመሩበትን ቀንና የቀን ክፍያቸውን በወረቀት ይጻፉ፤ ለሠራተኛዋም ግልባጩ ይሰጣት። ይህ ለአሠሪው ትልቅ ወጪ አይደለም። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ወደ ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን በኅዳር ወር ወደ ቡና አልጋው ይውጣ፤ ለነፍሰ ጡሯ የሚቀመጡበትና የጥላ ቦታ መኖሩን፣ በሌሊት ሥራ አለመመደቧንም ይመልከት።

አምስተኛ፣ መዝገቡ ሴቲቱን ይከተል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በደረሰው ግጭት በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ በየትምህርት ቤቱና በየአዳራሹ ሲጠለል፣ በመካከሉ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ነበሩ። ሰው ከቀበሌው ሲወጣ መብቱ በቀበሌው መሳቢያ ተቈልፎ የሚቀር ከሆነ፣ ድጋፉ በጣም በሚያስፈልግበት ቀን ይታጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተረጋገጠ እርግዝና በሌላ ቀበሌም ሆነ በመጠለያ እንዲጸና ይደረግ።

ከትጋት አልፎ ሕግ የሚሻው ነገር ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የወሊድ ፈቃድ ደመወዝ ቀስ በቀስ ከአንዱ አሠሪ ኪስ ወጥቶ በጋራ መዋጮ የሚቆም ገንዘብ እንዲሆን ነው። ሁለተኛው፣ ደመወዝ የሌላት ገበሬ ሴት ለሴፍቲኔት ብትመረጥም ባትመረጥም፣ በጊዜ በመመዝገቧ የምታገኘው ጥቂት ድጋፍ እንዲወሰንላት ነው። ይህ በአንድ ዓመት የሚፈጸም አይደለም፤ የገንዘብም ነገር ስለሆነ በሚገባ ሊመረመር ያስፈልገዋል። ነገር ግን ከቡና የሚገኘው የውጭ ምንዛሪ የመንግሥትን ካዝና እንደሚሞላ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ፍሬውን በእጇ ለቅማ ያጠራችው ሴት በወለደችበት ወር ከዚያ ጥቂት ቢመለስላት፣ ምጽዋት ተደርጎ ሊቈጠር አይገባውም፤ የሠራችው ሥራ ዋጋ ነው።

የጌዴኦ ገበሬ ችግኝ ሲተክል ጥላውን አስቀድሞ ያዘጋጃል። ቡናው ፀሐይ ከመታው በኋላ ዛፍ ልትከል አይልም፤ ዛፉ እስኪያድግ ቡናው እንደማይጠብቀው ያውቃልና። ለእናትና ለልጅ የታሰበውም ጥላ እንዲሁ አስቀድሞ ሊቆም ይገባዋል። በሚቀጥለው ጥቅምት በአሪቻ ቀዩ ቡና መለቀም ሲጀምር፣ በየቀበሌው ያረገዙት ሴቶች ስም በሁለቱም መዝገብ ተጽፎ የተገኘ እንደ ሆነ፣ የወረዳው ሹም የዚያን ዓመት ሥራውን በመልካም ጀምሯል ማለት ነው።